ከድልድዩ እስከ ውርጌሳ

ባለፈው ሳምንት ቤዝ ጊታር የማስተምራት ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «የቱን ልግዛ?» አለችኝ። ሁለት አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ዋታቸውን ታውቃለች፣ ክብደታቸውን ታውቃለች፣ ባሕር ማዶ ያለ አንድ ጸጉረ ረጅም ሰውዬ በቪዲዮ ስለ ሁለቱም ያለውን በቃሏ ትወጣዋለች። የቀራት የእኔ አስተያየት ብቻ ነው። የዛሬ ልጆች ዕቃውን ከመንካታቸው በፊት ስለ ዕቃው ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ ይሄ አንዳንዴ ያስቀናኛል፣ አንዳንዴም ያናድደኛል። «እስቲ መጀመሪያ እዚያ ጥግ ያለውን ሳጥን አብሪውና እጅሽን ላዩ ላይ አድርጊበት» አልኳት።

ሳጥኑ አሮጌ የቤዝ አምፕሊፋየር ነው። ሲሞቅ የአቧራና የማጣበቂያ ሽታ ይሰጣል። ልጅቱ እጇን አስቀምጣ ግራ በተጋባ ፊት ስታየኝ፣ ሽታው እኔ ጋ ደረሰ፤ የድንኳን ሸራ ሽታም አብሮት የመጣ መሰለኝ። በክፍሉ ውስጥ ግን ሸራ የሚባል ነገር የለም። ሸራው ያለው መርሳ ነው፣ በጋሽ ይመር መጋዘን። እኔም የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።

ጋሽ ይመር የሠርግ ድንኳንና ወንበር ያከራዩ ነበር። በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ እንደነበር የሚመሰክረው ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ሱሪያቸው ከታች ሰፊ ነው፤ ጸጉራቸው ደግሞ ከሱሪው ይሰፋል። ትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ሲያቋቁም ርዕሰ መምህሩ ቤታቸው ድረስ ሄደው ለመኗቸው፣ እሳቸውም ከትምህርት በኋላ በመጋዘናቸው ሊያስተምሩን ተስማሙ።

ያኔ ያላወቅሁትን ከመጀመሪያው ልናገር። በዚያ ዓመት የጋሽ ይመር ጆሮ እየሄደ ነበር። አስቀድመው የሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፦ የወፍ፣ የስልክ ጥሪ፣ የሕፃን ልጅ። ወፍራሞቹ ገና ነበሩ። ሐኪሙ እነሱም እንደማይቆዩ ነግሯቸዋል። እሳቸው የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁሉም ከመሄዱ በፊት ባስተማሩት ልጅ እጅ የአምባሰልን ቅኝት በቤዝ ከታች እስከ ላይ፣ ሳይቆራረጥ መስማት። ይህን የምታውቀው ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ብቻ ነበረች፤ ለእኔም የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ያ ልጅ እኔ የሆንኩት ተመርጬ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ዘግይቼ ደረስኩ። ሰይድ የሚባለው የክፍሌ ልጅ ኪቦርዱን ይዞታል፣ ከበሮው ተይዟል፣ ማይኩንማ አራት ልጆች ይጓተቱበታል። የተረፈው ገና ያልተገዛው ቤዝ ነበር።

«ስምሽ ማነው?» አሉኝ ጋሽ ይመር።

«ሰናይት።»

«ማን አልሽ?»

«ሰናይት!» ብዬ ጮህኩ። ስጮህ ድምፄ እንደ ፉጨት ይቀጥናል። ጋሽ ይመር ከንፈሬን ትክ ብለው አዩና ፈገግ አሉ።

«አይዞሽ» አሉኝ። «ቀጫጭኖቹ ጥለውኝ ሄደዋል። ከእኔ ጋር የቀሩት ወፍራሞቹ ናቸው።»

እኔ ስለ ቤተሰባቸው የነገሩኝ መሰለኝ። ልጆቻቸው ሁሉ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል፤ በፎቶ ሳያቸውም እውነት ቀጫጭኖች ናቸው። እትዬ ዘነበች ደግሞ በበሩ በጎን ነው የምታልፈው። ነገሩ ልክ ግጥም አለልኝና በጣም አዘንኩላቸው። በዚያ ሰሞን እኔም ቀጭን ስለነበርኩ፣ እኔም ጥያቸው የምሄድ እንዳይመስላቸው ብዬ እትዬ ዘነበች የምትሰጠኝን ፓፓያ አንድም ሳላስተርፍ እበላ ነበር።

በዚያው ቀን ፈተኑን። ጋሽ ይመር ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን ስበው ተቀመጡና፣ «አምባሰል ከየት ነው የሚጀምር?» አሉ።

እጄን አወጣሁ። እኔ የሹፌር ልጅ ነኝ። አባቴ ከመርሳ ወልድያ፣ አንዳንዴም እስከ ደሴ በአባዱላው ይሠራል፤ በዚያ መንገድ ላይ የማላውቀው ማቆሚያ የለም። «ውርጌሳን ስናልፍ ነው ጋሼ» አልኩ ኮራ ብዬ። «ለአምባሰል ውጫሌ ላይ ወራጅ አለ።»

ሰይድ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተደፋ። እሱ ቅኝቶቹን ሁሉ ከስልክ ተምሮ ነበር የመጣው። ጋሽ ይመር ግን አልሳቁም።

«ባቲስ?»

«በኮምቦልቻ በኩል ነው። አባቴ በዚያ መስመር አይሠራም።»

«ትዝታስ?»

አሰብኩ፣ አሰብኩ። «ትዝታን አላውቀውም» አልኩ። «ሩቅ ይሆናል።»

ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ ወደ ሰይድ ዘወር ብለው፣ «አንተ ምን ያስቅሃል? ልክ ነች» አሉት። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ሳምንት ትዝታ ከደሴ ማዶ ያለ ከተማ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ረዘም ያለ ጣውላ ይዘው ጠበቁኝ። ትምህርት ቤቱ ገና ጊታር አልነበረውም። ጣውላው ላይ፣ ጊታር አንገት ላይ እንዳሉት የብረት መስመሮች፣ በከሰል ዳር እስከ ዳር አስምረውበታል። ጣቴን ይዘው ከላይኛው ጫፍ አስቀመጡት።

«ይኸውልሽ፣ እዚህ መርሳ ነው» አሉ። «ቀጥሎ ድልድዩ ነው፤ እዚሁ አፍንጫሽ ሥር፣ አንድ መስመር ብቻ። ከድልድዩ ስትነሺ ግን እስከ ውርጌሳ ሰው አታሳፍሪም፣ ሰው አታወርጂም። አራት መስመር ነው። ማንም እጁን ቢያወጣ እንዳትቆሚ።»

«ሽማግሌም ቢሆን?»

«ሽማግሌም ቢሆን።»

«ነፍሰ ጡርስ?»

«ኧረ አንቺ ልጅ! ማንም ቢሆን አልኩሽ።»

ከውርጌሳ ትንሽ አለፍ ብሎ ውጫሌ፤ ከውጫሌ አንድ መስመር ብቻ የአምባው እግር ሥር። ከዚያ እንደገና ረጅሙ መንገድ፣ አቀበቱ፣ እስከ አምባሰል አናት። ጣቴ ጣውላው መሐል ደረሰ፤ ከሰሉም ጥፍሬ ውስጥ ገባ።

«አናቱ ላይ ምን አለ?» አልኳቸው።

«መርሳ።»

«መርሳማ የተነሣንባት ናት!»

«ያችው ናት። ላይ ስትወጪ የምታገኝው ያንኑ የተነሣሽበትን ድምፅ ነው፤ ከፍ ብሎ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ከአምባሰል አናት ሆኖ መርሳን እንደ ማየት በይው።»

ማታ እራት ላይ አባቴን ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ከአምባሰል አናት መርሳ ይታያል?»

አባቴ በማናቸውም የመንገድ ጉዳይ አላውቅም ማለት አይወድም። «ጥርት ያለ ቀን ከሆነ» አለኝ።

ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ በዚያ ጣውላ ላይ ከመርሳ አምባሰል ስመላለስ ከረምኩ። ድምፅ የለውም። እናቴ ለጎረቤት «ልጄን እንጨት እያስተማሯት ነው» እያለች ትስቃለች። እኔም በሆዴ መጠራጠር ጀምሬ ነበር፤ ምክንያቱም ቤዝ የሚባለውን ነገር ሰምቼው አላውቅም። በስልክ ዘፈን እከፍታለሁ፤ ዘፋኙ ይሰማኛል፣ ከበሮው ይሰማኛል፣ ማሲንቆው ይሰማኛል። ቤዙን ስፈልገው የለም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ብሰማ ያው ነው። ጋሽ ይመር ማንም የማይሰማውን መሣሪያ የፈጠሩት እኔን ለማስደሰት ይሆናል አልኩ። አንድ ቀን ይህንኑ ነገርኳቸው።

«በስልክ አታገኝውም። ስልክ አፍ እንጂ ሆድ የለውም» አሉኝ። «ያባትሽ መኪና ላይ የኋላው ወንበር ሥር ትልቅ ስፒከር አለ አይደል? ዛሬ ስትሄጂ እዚያ ተቀመጭና መዳፍሽን ወንበሩ ላይ ዘርጊው። በጆሮሽ አትፈልጊው።»

አደረግሁት። አባቴ ከመናኸሪያ ሊወጣ ሲል ሮጬ ገባሁና የኋላ ወንበር ያዝኩ። ቴፑን ከፈተ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር መዳፌን ገፋ አደረገው፣ ተወው፣ እንደገና ገፋው። ከዘፈኑ ሥር ሆኖ የሚሄድ ሌላ ሰው ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። እስከ ዛሬ አብሮን ሲሄድ ኖሯል፣ እኔ ግን አላውቀውም። እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ መኪና የሚያመኝ መስሏቸው ሎሚ ሰጡኝ።

ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ ለክበቡ የቤዝ ዕቃ የሚገዛበት ቅዳሜ ሲደርስ፣ አባቴ ጋሽ ይመርን፣ ሰይድንና እኔን ይዞን ወልድያ ወጣ። ሰይድ የመጣው «ስለ ዕቃ አውቃለሁ» ብሎ ነው። እውነትም ያውቅ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ ከርሟል።

የሱቁ ልጅ ጸጉሩን በቅባት ያቆመ ጎረምሳ ነው። ሁለት ጊታር አወረደልን። አንደኛው ቀይ፣ አምስት ክር ያለው፣ የሚያብለጨልጭ፤ አንገቱ ግን የእኔን ቁመት ሊያክል ምንም አልቀረውም። ሁለተኛው ቡናማ፣ የተጫጫረ፣ አጭር አንገት ያለው። እኔ ቀዩን ወደድኩት። ወደድኩት ስል፣ በሕልሜ ይዤው ስሄድ ታየኝ ማለቴ ነው። ጋሽ ይመር ሁለቱንም ጭኔ ላይ እያስቀመጡ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። «ከድልድዩ እስከ ውርጌሳ ዘርጊ።»

ቀዩ ላይ ትንሿ ጣቴ ከውርጌሳ በፊት መንገድ ላይ ቀረች። ጎተትኳት፣ አልደረሰችም። ቡናማው ላይ ደረሰች።

«የቱ ይሻልሻል?» አሉኝ። ሊመርጡልኝ አልፈለጉም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ቀዩን አንድ ጊዜ አየሁትና «ይሄ» ብዬ ቡናማውን አቀፍኩት። በጣም ነው የከፋኝ። ሰይድ እንኳ አዘነልኝ።

ወደ አምፕሊፋየሩ ስንሄድ የሱቁ ልጅ ሰይድን የሚያስፈዝዝ ነገር አወጣ። በጎማ እንደ ሻንጣ የሚጎተት፣ ፊቱ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት የሚዞርበት። «ብሉቱዝ አለው፣ ፍላሽ ይወስዳል፣ ሁለት ማይክ ይቀበላል፣ መብራቱ ከዘፈኑ ጋር ይጨፍራል» አለ።

«ወላሂ ይሄ ነው!» አለ ሰይድ።

ጋሽ ይመር መዳፋቸውን አናቱ ላይ አደረጉና፣ ወፍራሙን ክር እንድመታው በአገጫቸው ጠቆሙኝ። መታሁት። እንደገና ጠቆሙኝ። መብራቱ ጨፈረ።

«ይሄ መርሳን አያውቃትም» አሉ።

«ምን አሉ?» አለ የሱቁ ልጅ።

«የታችኛውን ድምፅ አያወጣውም ማለታቸው ነው» አልኩት እኔ፤ አስተርጓሚ ሆኜ እንደ ትልቅ ሰው ተሰማኝ።

ጋሽ ይመር ዓይናቸው ጥግ ወዳለ ነገር ሄደ። ልባሱ የተቀደደ፣ ማዕዘኑ የተላጠ፣ ትልቅ ያገለገለ ሳጥን ነው፤ የሱቁ ልጅ የሻይ ብርጭቆውንና የምሳ ሣህኑን ያስቀምጥበታል። «እስቲ ይቺን አንሣልኝ» አሉ። ልጁ እየሳቀ ብርጭቆውን አነሣ። ሰካነው፤ አቧራው ሲሞቅ ሸተተኝ። ወፍራሙን ክር መታሁት። የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ጋሽ ይመር መዳፋቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቅድስት ማርያም» አሉ ቀስ ብለው። «ይቺ ናት።»

አባቴ ሳጥኑን ሲያይ ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ ይሄን የሬሳ ሣጥን የት ላድርገው? ሰው ላስቀምጥ ወይስ እሱን?» ጋሽ ይመር አልሰሙትም፤ ወይም ያልሰሙ መሰሉ። ሳጥኑ የኋላውን ወንበር ይዞ መርሳ ገባ። ሰይድ እስከ ሲሪንቃ አኩርፎ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ስንጫወት ጋሽ ይመር ከሳጥኑ አጠገብ ይቀመጡና መዳፋቸውን ላዩ ላይ ያደርጋሉ። እኔ እየሞቁ ነው ብዬ ነበር። በመርሳ ሙቀት! ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣብቆ፣ የድንኳኑ ሸራ እንደ ምድጃ እየጋለ፣ እሳቸው እጃቸውን ይሞቃሉ። ያረጀ ሰው ደሙ ቀዝቃዛ ነው ሲባል ሰምቼ ስለነበር አልገረመኝም። ከድልድዩ እስከ ውርጌሳ ስዘል ጣቴ መሐል ላይ አንዱን መስመር ከነካ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ማንን አሳፈርሽ?» ይሉኛል። ሁልጊዜ አንድ ሰው አሳፍር ነበር። አንድ ቀን በጣም ተናድጄ «ሽማግሌ ናቸው፣ እምቢ አሉኝ!» አልኳቸው፤ ያን ቀን ትምህርቱ በሳቅ አለቀ።

ነገሩን የደረሰበት ሰይድ ነው። ገና ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስንሄድ ድልድዩ ላይ አስቆመኝ።

«ልንገርሽ፣ እኚህ ሰውዬ አይሰሙም።»

«ማን?»

«ጋሽ ይመር። ዛሬ ሆን ብዬ በቀኝ እጄ ቀጫጭን ድምፆቹ ላይ የማይሆን ነገር ስጫወት ነበር። ሌላ ዘፈን! በርታ አሉኝ። ላንቺ ግን አንዲት መስመር ብትነኪ ያውቃሉ። ቀጭኑን አይሰሙም፣ ወላሂ።»

ልመታው እጄን አነሣሁ። እጄ አየር ላይ እያለ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣብኝ። ቀጫጭኖቹ ጥለውኝ ሄደዋል። ስሜን ስጮህ ከንፈሬን ያዩት። መዳፋቸው። እጄን መለስኩት። ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ልብሱ ድንጋይ ላይ ሲመታ ያለው ድምፅ ወፍራም ነው፣ እሳቸው ይሄን ይሰሙታል ብዬ አሰብኩ። ሕፃን ልጅ ደግሞ ያለቅስ ነበር፤ ያንን አይሰሙም።

«ለርዕሰ መምህሩ ልትናገር ነው?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ከተናገርክ ሌላ አስተማሪ ያመጣሉ።»

ሰይድ የድልድዩን ብረት ያዘ። ጉረኛ ይሁን እንጂ ክፉ ልጅ አልነበረም። «እኔ ምን ቸገረኝ» አለና ሄደ።

በማግስቱ ልምምዱ ሲጀመር ኪቦርዱ ላይ ወደ ግራ ጫፍ ተጠግቶ ተቀመጠ። ዜማውን በሙሉ ወደ ታች አውርዶ ተጫወተው፤ ማሲንቆ የሚመስለው ነገር ሁሉ የበሬ ድምፅ ሆነ። ዘፋኟ ልጅ «ምን እየሠራ ነው?» ብላ ጮኸች። ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ገለጡ። ሰይድን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«ዛሬ ወፍራም ወፍራሙን ነው የያዝከው» አሉት።

«አዎ ጋሼ።»

«ጥሩ ነው» አሉ። «ጥሩ ነው፣ አላህ ያሳድግህ።» እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ለሰይድ ግን በሰይድ አፍ ነው የመረቁት። ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ማናችንም ምንም አላልንም።

ከጥምቀት በኋላ የትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ቀን ወልድያ ተዘጋጀ። በተራ እኛ ሦስተኛ ነበርን። አባቴ ሳጥኑን ከኋላ አስጭኖ፣ ልጆቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ አዳራሹ በር ላይ አወረደን። በዚያ ሰሞን ጋሽ ይመር ወፍራሙንም እየደጋገሙ «ምን አላችሁ?» ማለት ጀምረው ነበር። ሰይድና እኔ እንተያያለን። በሆዴ ግን ዛሬ ነው እያልኩ ነበር፤ ዛሬ ሙሉውን ካላደረስኩላቸው ሌላ ቀን ላይኖር ይችላል።

መድረኩ ላይ ሽቦ የሚሰካካው ሰውዬ ሳጥናችንን በእግሩ ገፋ አደረገው። «ይሄ አያስፈልግም፤ እኛ መስመር አለን። ጊታሩን በቀጥታ ወደ አዳራሹ ስፒከር እንሰካዋለን» አለ። አስተናጋጇ ደግሞ ጋሽ ይመርን ክንዳቸውን ይዛ «አንቱ እዚህ አይቆሙም አባባ፣ የክብር ወንበር አለዎት» እያለች ወደ ፊተኛው ረድፍ ልትወስዳቸው ነው። ጋሽ ይመር እሺ ብለው ሄዱ። ቅር ያላቸው አይመስሉም፤ ይህ ነው የባሰ ያስከፋኝ።

እኔ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ተነሺ እንጂ» አለኝ ሰውዬው።

«አልነሣም።»

«ምን ሆነሻል?»

ምን ልበለው? ምስጢሩ የእኔ አይደለም። «ሳጥኑ ካልተሰካ አልጫወትም። ጋሽ ይመርም እዚህ አጠገቡ ካልተቀመጡ አልጫወትም» አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፤ ግን አልተነሣሁም። ሰዉ መሳቅ ጀመረ። ሰይድ ከኪቦርዱ ኋላ ተነሥቶ መጣና አጠገቤ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ።

«ወላሂ አትነሣም» አለው ለሰውዬው። «እኔ አውቃታለሁ።»

ሰውዬው ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ፣ ተሳደበና ሳጥኑን ሰካው። ጋሽ ይመርን መልሰው አመጡልን፤ ወንበርም ሰጧቸው። ሲቀመጡ መዳፋቸውን ላዩ ላይ አደረጉ፣ እኔን ግን አላዩኝም።

ጀመርን። ዘፋኟ ሁለት ግጥም ካለች በኋላ የእኔ ተራ ነው፤ ሁሉም ዝም ይላል፣ እኔ ብቻዬን ከታች እስከ ላይ እወጣለሁ። መርሳን መታሁ። ሳጥኑ ሲያጉረመርም በጫማዬ ሥር ተሰማኝ። ድልድዩን። ከዚያ ዘለልኩ። ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ፣ ነፍሰ ጡሯም አወጣች፣ አለፍኳቸው። ውርጌሳ። ውጫሌ። የአምባው እግር ሥር። አቀበቱን ስጀምር ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ወደ ላይ በሄድኩ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ነው። አናቱ ላይ ያለችው መርሳ ከታችኛዋ ትቀጥናለች። እዚያ ስደርስ ታመልጣቸው ይሆን? ይሄን ሁሉ ወር አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር።

አናቱን መታሁትና ጣቴን አላነሣሁም። ይዤው ቆየሁ፤ ድምፁ እስኪያልቅ ይዤው ቆየሁ። ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ፊታቸው አልተነቃነቀም። ከዚያ ከበሮው ገባ፣ ሌሎቹ ገቡ፣ ዘፈኑ አለቀ፣ ሰዉ አጨበጨበ። እሳቸው እጃቸውን አንሥተው በሌላኛው እጃቸው ያዙት። የትኛው ትምህርት ቤት እንደተሸለመ አላስታውስም፤ እኛ ግን አልነበርንም።

ወደ መርሳ ስንመለስ ፀሐይዋ ተራራው ላይ ነበረች። ሳጥኑ የኋላው ወንበር ጫፍ ላይ፣ ጋሽ ይመር አጠገቡ፣ እኔ አጠገባቸው፣ ሰይድ መሬት ላይ እግራችን ሥር። አናቱ ላይ ያለችው ደርሳቸው እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈለግሁ። ቀጭኑን ድምፄን እንደማይሰሙት አውቃለሁ፤ መጮህ ደግሞ አልፈለግሁም። አባቴ ነው በመስታወቱ አይቷቸው የጮኸው።

«ጋሼ፣ ልጄ እንዴት ነበረች?»

አልሰሙም። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ የአባቴን ፊት አዩ፤ መልስ እየጠበቀ መሆኑ ገባቸው።

«ከድልድዩ እስከ ውርጌሳ ማንንም አላሳፈረች» አሉ።

አባቴ መሪውን ይዞ ትንሽ አሰበ። «ውርጌሳ? ጋሼ፣ እኛ እኮ ከወልድያ ነው የምንመጣው። ውርጌሳ ማን ሄደ?»

ሰይድ መሬት ላይ ሆኖ በሳቅ ፈረሰ።

«እሷ» አሉ ጋሽ ይመር። አሁን ዘወር ብለው አዩኝ። «አምባሰል አናት ወጥታ መርሳን አሳየችኝ። ጥርት ብላ ታየችኝ።»

አባቴ ምንም አልገባውም፤ ግን ደስ አለው። ቴፑን ከፈተ። ጋሽ ይመር መዳፋቸውን ወንበሩ ላይ ዘረጉ፣ እኔም እጄን ከእጃቸው አጠገብ አደረግሁ። መርሳ እስክንደርስ ማንም ወራጅ አላለም።